ድሬዳችሁን ሳትቆርጡ ፎረፎርና ማሳከክን ማስታገስ

ድሬድ ያደረገ ሰው ጭንቅላቱን ሲያክ ከታየ ምክሩ ከየአቅጣጫው ይመጣል። ግማሹ «ቁረጠውና ተገላገል» ይላል። ሌላው፣ በተለይ እናቶቻችን፣ «ለጋ ቅቤ አናትህ ላይ ጣል አድርግበት» ይላሉ። ሁለቱም ከቅን ልብ ነው የሚነገሩት፣ ግን ሁለቱም አያዋጡም። ፀጉር ሕይወት የለውም። አያሳክክም፣ ፎረፎርም አያወጣም። የሚያሳክከው ከሥሩ ያለው የራስ ቆዳ ነው፣ መታከም ያለበትም እሱ ነው። ድሬዱ እንዳለ ሆኖ ቆዳውን ማዳን ይቻላል፣ እዚሁ ጅማ በሚገኝ ነገር፣ ብዙ ብር ሳይወጣ።

ይህን የምለው በማሳከክ ብቻ ተስፋ ቆርጠው ዓመታት ያሳደጉትን ፀጉር የላጩ ልጆች ስለማውቅ ነው። ያሳዝናል። በዚያ ላይ «ድሬድ ቆሻሻ ነው» የሚለው ወሬ የሚጠናከረው ካፌ ቁጭ ብለን እያከክን ስንታይ ነው።

መጀመሪያ ምን እንደያዛችሁ እወቁ። ትከሻችሁ ላይ የወደቀውን ነጭ ነገር አንሱና በሁለት ጣት አሹት። ሰም ሰም የሚል፣ የሚያጣብቅ ወይም እንደ ደረቀ ሙጫ የሚፈረፈር ከሆነ ፎረፎር ላይሆን ይችላል። የጄል፣ የፀጉር ሰም ወይም የእሬት ቅሪት ነው ደርቆ የሚረግፈው። ለዚህ መድኃኒት አያስፈልግም። የምትቀቡትን አቁሙና ደጋግማችሁ ታጠቡ፣ ይጠራል።

ብናኙ ደቃቅ፣ ነጭና ደረቅ ከሆነ፣ ቆዳችሁም ከታጠባችሁ በኋላ የሚወጠር ከሆነ ድርቀት ነው። በበጋ፣ ቀይ አቧራው ሲነሳ የሚብሰው ይኼኛው ነው። ለስለስ ባለ ሻምፑና በለብታ ውኃ ይሻሻላል፣ የሚያፈላ ውኃ ግን ያብሰዋል። ሰፋ ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ቅባት ያለውና ሥሩ ላይ የሚጣበቅ ቅርፊት ካያችሁ፣ ከጆሮ ጀርባ፣ ቅንድብ ላይ ወይም በአፍንጫችሁ ግራና ቀኝም ከወጣ ግን ዋናው ፎረፎር ነው፣ ወይም ጠንከር ያለው ዓይነቱ፣ ሐኪሞች ሴቦሪክ ደርማታይተስ የሚሉት።

የዚህኛው ዋና ተጠያቂ ማላሴዚያ የሚባል እርሾ መሰል ፈንገስ ነው። ሁላችንም ቆዳ ላይ ይኖራል። ስለዚህ ፎረፎር ከሰው ወደ ሰው አይጋባም፣ የቆሻሻነት ምልክትም አይደለም። ፈንገሱ የሚያስፈልገውን ቅባት ራሱ መሥራት ስለማይችል ከቆዳችን የሚወጣውን ወዝ ይመገባል፣ ሲመገብ ደግሞ ኦሌይክ አሲድ የሚባል ነገር ይተዋል። የአንዳንዱ ሰው ቆዳ ይህን አሲድ አይችለውም። ይቆጣል፣ ያሳክካል፣ ከወትሮው ፈጥኖ ይላጣል። ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣትም ያባብሱታል፣ የዩኒቨርሲቲ ልጆች በፈተና ሰሞን «ጭንቅላቴን በላኝ» የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግዲህ ወደ ቅቤው እንምጣ። ቅቤ ቅባት ነው፣ ለማላሴዚያ ደግሞ ቅባት ምግቡ ነው። የወይራ ዘይት፣ የኮኮናት ዘይት፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይትም ያው ናቸው። የተቀባችሁ ቀን ማሳከኩ ጋብ ይላል፣ ቅርፊቱም ስለሚርስ የጠፋ ይመስላል። ትንሽ ቀን ቆይቶ ግን ብሶበት ይመለሳል። ክፍት ፀጉር ላይ ቢሆን ቢያንስ ታጥቦ ይወጣል። ድሬድ ውስጥ የገባ ቅቤ ግን እዚያው ይቀመጣል፣ ይከረፋል፣ አቧራ ይሰበስባል። ቅቤ ባህላችን ነው፣ እወደዋለሁ፣ ፎረፎር የሌለበት ሰው አናቱ ላይ ቢያደርግ ምንም አልልም። ፎረፎር ላለበት ድሬድ ግን አይሆንም። እናታችሁ ቅር እንዳይላቸው ከሰጋችሁ «እማዬ፣ ቆዳዬ ቅባት አልቻለም፣ እስኪድን ልተወው» በሏቸው። ይገባቸዋል። ፀጉራችሁ ደረቀ ብላችሁ የግድ ዘይት ከፈለጋችሁ ትንሽ ጠብታ መዳፋችሁ ላይ አሽታችሁ ጫፍ ጫፉን ብቻ ንኩት። ሥሩን ተዉት።

ዋናው ሕክምና መታጠብ ነው። ድሬድ አይታጠብም የሚለው ነገር ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ብቻ ስንቱን ጎድቷል። የያዘ ድሬድ በሳምንት አንዴ ቢታጠብ አይፈታም፣ እንዲያውም ንጹሕ ፀጉር ቅባት ከነካው ይልቅ በደንብ ይጠቀለላል። ገና የተጀመረ ከሆነ ሻሽ ወይም የቆየ የሴት እስቶኪንግ አናታችሁ ላይ አጥልቃችሁ በላዩ ላይ እጠቡት፣ እንዳለ ይቆያል።

ፋርማሲ ስትሄዱ የዕቃውን ፊት ሳይሆን ጀርባውን አንብቡ። የምትፈልጉት ኬቶኮናዞል 2 በመቶ የሚል ሻምፑ ነው፣ ፈንገሱን በቀጥታ ያጠቃል። እሱ ከጠፋ ዚንክ ፓይሪቲዮን ያለበት የፎረፎር ሻምፑ ይሠራል። ሴሌኒየም ሰልፋይድም ጥሩ ነው፣ ፀጉሩን ቀለም የተቀባ ሰው ግን ቀለሙን ሊያበላሽበት ስለሚችል ይጠንቀቅ። ቅርፊቱ ወፍራም ሆኖ ከተጣበቀ ሳሊሲሊክ አሲድ ያለበት ይፈታዋል። ነጭ ክሬም የመሰለ፣ ወፍራምና ቅባታም ሻምፑ ግን ድሬድ ውስጥ ስለሚቀር አልመክርም።

ድሬድ የታሰረ ጭንቅላት ላይ ትልቁ ችግር ሻምፑው ቆዳው ጋ አለመድረሱ ነው። ብዙ ሰው ፀጉሩን አረፋ በአረፋ ያደርግና ቆዳው ሳይነካ ያጥባል፣ ከዚያ «ሻምፑው አልሠራልኝም» ይላል። መፍትሔው ትንሽ የሃይላንድ ፕላስቲክ ነው። ክዳኑን በቀጭን ሚስማር ብሱት። ሻምፑውን ለመፍሰስ በቂ ያህል ብቻ ውኃ ጨምሩበትና ውስጡ አድርጉት፣ ብዙ ካቀጠናችሁት ጉልበቱ ያልቃል። አናታችሁን በለብታ ውኃ በደንብ አርሱ። ከዚያ ድሬዱን ረድፍ በረድፍ እየከፈላችሁ በመካከሉ ባለው ቆዳ ላይ ከግንባር እስከ ማጅራት እየጨመቃችሁ ሂዱ። የጆሮ ጀርባና ማጅራቱን አትርሱ። በጥፍር ሳይሆን በጣት ጫፍ እሹት። ጥፍር ይቧጭራል፣ የተቧጨረ ቆዳ ደግሞ ይቆስላል።

አሁን ጠብቁ። ኬቶኮናዞል ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቆዳው ላይ መቆየት አለበት። ወዲያው ካጠባችሁት ገንዘባችሁን ወደ ቦይ ለቀቃችሁት ማለት ነው። ሰዓት ያዙ፣ ዓይናችሁ ውስጥ እንዳይገባ ፎጣ ግንባራችሁ ላይ እሰሩ።

ማለቅለቁ ከማጠቡ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ድሬዱን አንድ በአንድ ከሥር ወደ ጫፍ እየጨመቃችሁ የሚወጣው ውኃ ጥርት እስኪል ቀጥሉ። የቀረ ሻምፑ ራሱ ያሳክካል። በእኛ ከተማ የቧንቧ ውኃ መሀል ላይ ሊቆም ስለሚችል ጀሪካን ሞልታችሁ አጠገባችሁ ሳታስቀምጡ አትጀምሩ። አረፋ በአረፋ ሆኖ ውኃ መጥፋት በድሬድ ላይ ቀልድ አይደለም።

ለመጀመሪያዎቹ ከ2 እስከ 4 ሳምንታት በሳምንት ሁለቴ በመድኃኒቱ ታጠቡ። ፀጉራችሁ ቶሎ የሚደርቅና የሚሰባበር ከሆነ ግን አንዴ ይበቃል፣ ማሻሻሉ ትንሽ ይዘገያል እንጂ ይመጣል። ሲድን ደግሞ ጭራሽ አታቁሙ። ፈንገሱ ከቆዳችን ስለማይጠፋ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ አንዴ መድገም ያስፈልጋል። ሰው ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፣ ዳንኩ ብሎ ይተወዋል፣ ከዚያ ሲመለስበት ሻምፑውን ይረግማል።

ስለ ማድረቅ ረዘም አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም የጅማ ሰው ነን። አዲስ አበባ ያለ ሰው በበጋ ጠዋት ታጥቦ ምሳ ሰዓት ላይ ደርቆለት ሊሆን ይችላል። እኛ ጋ ዝናቡ ረጅም ነው፣ ክረምቱ ሳይገባ ይጀምራል፣ ሲወጣም ቶሎ አይለቅም፣ አየሩም እርጥብ ነው። ድሬድ እንደ ስፖንጅ ውኃ ይይዛል፣ በተለይ ወፍራም ከሆነ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ያድራል። እርጥብ ሆኖ የሚያድር ሥር ያሳክካል፣ የሻገተ ሽታም ያመጣል፣ ያ ሽታ አንዴ ከገባ ደግሞ ማስወጣቱ መከራ ነው። ስለዚህ ማታ አትታጠቡ። ጠዋት፣ ፀሐይ ብቅ ባለችበት ቀን ታጠቡ። ቶሎ ቶሎ ውኃ በሚመጥ ፎጣ፣ ካልሆነም በአሮጌ የጥጥ ቲሸርት አንድ በአንድ ጨምቁት፣ አታሹት። ነጭ ፎጣ ክሩን ድሬዱ ላይ ይተወዋል፣ ሰው እሱንም ፎረፎር ብሎ ያየዋል። ከሰዓት ዝናብ ከሆነ ፀጉር ቤት ጎራ ብላችሁ ካስክ ውስጥ መካከለኛ ሙቀት ላይ ቁጭ በሉ፣ ሥሩ እስኪደርቅ ድረስ።

ሒጃብ ወይም ሻሽ የምታደርጉ እህቶች፣ ካልሲ መሰሉን የሹራብ ኮፍያ የማታወልቁ ወንድሞችም፣ እርጥብ ድሬድ ላይ አትሸፍኑ። መሸፈን የግድ ከሆነ ሥሩን ብቻ እንኳ አድርቃችሁ፣ ከስር ስስ የጥጥ ጨርቅ አድርጋችሁ ሸፍኑ። ኮፍያውና የትራስ ልብሱም በየሳምንቱ ይታጠቡ፣ ያለዚያ የታጠበውን ጭንቅላት አሮጌው ወዝ ላይ መልሳችሁ ታሳርፉታላችሁ።

በመታጠቢያ ቀናት መካከል ሲያሳክካችሁ በእስክሪብቶ ጫፍ፣ በሽቦ ወይም በመርፌ አትጎርጉሩ። በጣት ጫፍ ጫን ጫን አድርጉት፣ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ የነካ ንጹሕ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ያዙበት፣ ከዚያ ይድረቅ።

ከቤት የሚዘጋጁትን በተመለከተ፣ አቼቶ በደንብ ቀጥኖ፣ አንድ እጅ አቼቶ በአራት እጅ ውኃ፣ ከሻምፑ በኋላ ቅሪት ለማለቅለቅ ይረዳል፣ ቆዳችሁ ቁስል ካለው ግን ያቃጥላችኋል። መድኃኒት ሆኖ ፎረፎርን ያጠፋል ብዬ አልነግራችሁም። እሬት ካሳከከው ቦታ ላይ ያቀዘቅዛል፣ ቢጫ ፈሳሹ በደንብ ይንጠፍጠፍና ጥርት ያለው ብቻ ይቀባ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ይታጠብ። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ግን ይቅርባችሁ። ነጭ ሽንኩርት ቆዳን ያቃጥላል፣ ሎሚ ደግሞ ተቀብቶ ፀሐይ ሲያገኘው ቁስልና ጥቁር ጠባሳ ያመጣል። ቤኪንግ ሶዳም በየጊዜው አታድርጉ፣ ቆዳችን በተፈጥሮው አሲድ ነው፣ እሱ ያንን ያዛባና ያደርቀዋል።

ሥሩን የሚያስጠመዝዝ ሰው ሁለት ነገር ልብ ይበል። አንደኛ ፎረፎሩ እስኪረግብ አታስጠምዝዙ፣ ቅርፊቱ ውስጥ ይታሰራል። ሁለተኛ ከተሠራችሁ በኋላ ራሳችሁን ካመማችሁ ወይም ቅንድባችሁ እስኪነሳ ከተወጠረ ጠብቋል ማለት ነው። «ሲለምደው ይለቃል» ብትባሉም አትቀበሉ፣ እዚያው እንዲላላ ጠይቁ። የጠበቀ ድሬድ ሥሩ ላይ ትናንሽ ብጉር ያወጣል፣ ግንባር ላይ ያለውን ፀጉር ያሳሳል፣ ከቆየ ደግሞ የሳሳው አይመለስም። ቀለም ከተቀባችሁ በኋላ የጀመረ ማሳከክም የፎረፎር አይደለም፣ በተለይ ጥቁር ቀለም ውስጥ ያለው ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል አለርጂ ያስነሳል። ፊት ካበጠ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ።

አሁን ሐኪም የሚያስፈልጋቸውን ልጥቀስ። ፀጉር በክብ እየረገፈ ራሰ በራ ቦታ ከተወ፣ ፀጉሩ ከሥሩ ተሰብሮ ጥቁር ነጥብ ከመሰለ ወይም አንገት ላይ እጢ ካበጠ ቆረቆር ሊሆን ይችላል፣ በተለይ በልጆች ላይ። ይህ ይተላለፋል፣ በሻምፑ ብቻም አይድንም፣ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ወፍራም፣ ብርማ ቅርፊት ክርንና ጉልበት ላይም ካለ ሶራይሲስ የሚባል የቆዳ ሕመም ሊሆን ይችላል። መግል የያዙ ብጉሮች ኢንፌክሽን ሊሆኑ ይችላሉ። ከጆሮ ጀርባ ፀጉር ላይ ተጣብቆ አልነሳ የሚል ነጭ ነጥብ የቅማል እንቁላል ሊሆን ይችላል። ፎረፎሩ ከአናት አልፎ ፊትና ደረት ላይ በኃይለኛው ከወጣና በሕክምና አልለቅ ካለ ደግሞ የኤች አይ ቪ ምርመራም አድርጉ፣ የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ይህ ሕመም ይበረታልና። ምርመራው የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

ከፋርማሲ ያለ ትእዛዝ የሚሸጥ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ገዝታችሁ አትለጥፉ። ለጥቂት ቀን ተአምር ይመስላል፣ ቆይቶ ቆዳን ያሳሳል፣ ቆረቆር ከሆነ ደግሞ ደብቆ ያሰፋዋል። ይልቅ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ። ከመሄዳችሁ በፊት ጄልም ዘይትም አትቀቡ፣ ሥሩንም አታስጠምዝዙ፣ ሐኪሙ ቅርፊቱን እንዳለ ማየት አለበት። ምን ሻምፑ፣ ለስንት ሳምንት እንደተጠቀማችሁ ንገሩት። «መላጨት ግዴታ ነው ወይ?» ብላችሁም በግልጽ ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ አይደለም። የሚቀባ መድኃኒት ካዘዘላችሁ ድሬድ ውስጥ ገብቶ ከማይወጣው ቅባት ይልቅ ፈሳሽ ወይም ሎሽን እንዲሆንላችሁ ጠይቁት፣ በዚያችው በተበሳች ሃይላንድ ዓይነት ቀጭን አፍ ባለው ዕቃ ቆዳው ላይ ታደርሱታላችሁ።