የአንጋፋ የጎንደር ኳስ ወዳጆችን ትዝታ እንዴት መመዝገብ ይቻላል

በጎንደር ዕድሜያቸው የገፋ የኳስ ወዳጆችን «በእርስዎ ዘመን አንደኛው ተጫዋች ማን ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ሁለት ሦስት ስምና «የዛሬ ልጅ ኳስ መች ያውቃል» የሚል ምሬት ነው። እኔም በዚህ ጥያቄ አንድ ደብተር ሙሉ ስም ሰብስቤ ነበር፤ ቆይቼ ሳነበው ግን የትኛው የማን ትዝታ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ስለዚህ ከአባት፣ ከአጎት ወይም ከጎረቤት የቆየ የኳስ ትዝታ መመዝገብ ለሚፈልግ ሰው የምሰጠው የመጀመሪያ ምክር ተጫዋቹንና ውጤቱን ለኋላ አቆይቶ ከመንገዱ እንዲጀምር ነው።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ከቤት ስንት ሰዓት ወጡ? ከማን ጋር ነበሩ? በእግር ነው የሄዱት ወይስ ከአዘዞ በመኪና?» ብለው ይጠይቁ፤ ከዚያ መግቢያው፣ መቆሚያው፣ የሚቆረጠመው፣ መጨረሻ ላይ ሜዳው ይምጣ። አንድ ጎረቤታችን ስለ አንድ ጨዋታ «ረስቼዋለሁ» ካሉኝ በኋላ እንዴት እንደገቡ ብጠይቃቸው ቀና ብለው ተቀመጡ። ለመግቢያ የተሰጣቸውን ሳንቲም በመንገድ ላይ በቆሎ ጨርሰውት ኖሮ፣ አንድ ትልቅ ሰው ጀርባ ተለጥፈው እንደ ልጁ መስለው ገብተው፣ ጨዋታውን በሙሉ ፀሐይ ዓይናቸውን እየወጋቸው ከአጥሩ ሥር ቆመው እንዳዩት ነገሩኝ። ረሳሁት ያሉት ጎልም በዚያው ተከትሎ መጣ። «ፀሐዩ ከፊትዎ ነበር ወይስ ከጀርባዎ?» የሚለው ጥያቄ ሞኝ ቢመስልም እኔ ከማውቃቸው ጥያቄዎች ሁሉ የበለጠ መልስ ያስገኘልኝ እርሱ ነው።

አዲስ አበባ ደርሰው ኳስ ያዩ ሽማግሌዎች ካታንጋን፣ ሚስማር ተራንና ጥላ ፎቅን ማንሳታቸው አይቀርም። እነዚህ የአዲስ አበባ ስታዲየም መቀመጫዎች ስለሆኑ ከጎንደሩ ሜዳ ትዝታ ጋር እንዳይቀላቀሉ «ይህ እዚህ ነው ወይስ እዚያ?» ብሎ ወዲያው መለየት ያስፈልጋል።

ለመቅጃ ስልክ ይበቃል። ቀላል የማይሆነው ሰዓቱ ነው። የመጀመሪያ ቅጂዬን የወሰድኩት አዘዞ ከሚኖረው አጎቴ ቤት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ቡና እየተፈላ ሳለ ነበር፤ ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጬው ኖሮ ግማሹ የሙቀጫ ድምፅ ሆኖ ቀረ። ቡናው መፈላቱን አልቃወምም፤ ሰው የሚናገረው ቡና ሲኖር ነው። ነገር ግን አቦል እስኪቀዳ ተራ ጨዋታ እየተጫወቱ መቆየትና ድምፅ መቅዳቱን ከቶና ላይ መጀመር ይሻላል። ቡና የምታፈላው እናት ወይም አክስት ጣልቃ ገብታ «ኧረ ያን ቀን ማሊያውን ያጠብኩት እኔ ነኝ» ስትል ደግሞ ስልኩን ወደ እርሷ ያዙሩት። ስለ ኳስ የሚጠየቁት ወንዶች ብቻ መሆናቸው ብዙ ነገር አስቀርቶብናል፤ ማን ተጎድቶ እንደመጣ፣ ታኬታ ከማን ተውሶ እንደተጫወተ የሚያውቁት አብዛኛውን ጊዜ ቤት የነበሩት ሴቶች ናቸው።

የተቀዳውን ወደ ጽሑፍ ሲገለብጡ ቃላቱን አያርሙ። አንጋፋው ደጋፊ «ሪጎሬ» ካለ «ፍፁም ቅጣት ምት» ብለው አይተኩት፤ «በቴስታ አገባት» ካለም «በግንባሩ» አይበሉት። ሪጎሬ፣ ቴስታና ካልቾ ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው፤ ከፒያሳ ሕንጻዎች ጋር አብረው የቀሩ የጣሊያን ዘመን ቅሪቶች ስለሆኑ ቃሉ ራሱ የተናጋሪውን ዕድሜ ይመሰክራል። የተጫዋቾች ቅጽል ስምም እንዲሁ በተነገረበት መልክ ይጻፍ፤ ማን እንዳወጣውና በምን ምክንያት እንደወጣ ይጠየቅ። አካልን ወይም ዘርን የሚነካ ከሆነ ግን የባለቤቱ ወይም የቤተሰቡ ፈቃድ ሳይገኝ ከደብተር ማውጣት ተገቢ አይደለም።

ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በዘመን አቆጣጠር ላይ ነው። አንድ ሰው «የስልሳ ስምንቱን የአፍሪካ ዋንጫ አስታውሳለሁ» ቢልዎት የትኛውን ማለቱ ነው? ኢትዮጵያ ውድድሩን ሦስት ጊዜ አስተናግዳለች፤ ሁለተኛው በጥር 1960 ዓ.ም.፣ ማለትም በፈረንጆቹ 1968፣ በአዲስ አበባና በአስመራ የተካሄደ ሲሆን፣ ሦስተኛው ደግሞ በእኛ 1968 ዓ.ም.፣ ማለትም በፈረንጆቹ 1976፣ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተካሄደ። ቁጥሩ አንድ ሆኖ በመካከላቸው 8 ዓመት ከመኖሩም በላይ አንደኛው በንጉሡ፣ ሌላው በደርግ ዘመን ነው። ስለዚህ «አስመራ ነበር ወይስ ድሬዳዋ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ግርታውን ያጠራዋል። ወደ ፈረንጆቹ ዓመት ሲመልሱም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት 7፣ ከዚያ ወዲህ 8 መደመር እንዳለበት አይርሱ። ዚምባብዌን በመለያ ምት ረትተን የሴካፋን (የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ) ዋንጫ ያነሳንበት ታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. በፈረንጆቹ 1987 የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የስፖርት ጋዜጠኛውን የደምሴ ዳምጤን ድምፅ ሳያነሳ ስለዚያ ጨዋታ የሚያወራ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ቀኑን የማያስታውስ ሰው በዓሉን ያስታውሳል፤ በጎንደር ደግሞ ለጥር ወር ከጥምቀት የተሻለ ችካል የለም። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫችን ፍጻሜ እሑድ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ጥምቀት በዋለ በሁለተኛው ቀን ነበር። ያን ጊዜ የ12 ዓመት ልጅ የነበረው አጎቴ ወሬውን ያያዘውም በዚሁ ነው፤ አዲሱን የጥምቀት ልብሱን ገና ሳያወልቅ፣ አንድ ጎረቤት ቤት ደጃፍ ላይ ከሌሎች ልጆች ጋር ተኮልኩሎ፣ ግብፅን 4 ለ 2 አሸነፍን የሚለውን ዜና ከሬዲዮ ሰማ። «ሦስቱን ያገባው መንግሥቱ ወርቁ ነው» ይላል አጎቴ፣ እጁን እያወዛወዘ።

እንዲህ ያለ ከመዝገቡ ጋር የማይገጥም ነገር ሲያጋጥም ሽማግሌውን በሰዎች ፊት «ተሳስተዋል» ማለት ነውርም ነው፣ ወሬውንም ይዘጋዋል። ቃሉን እንዳለ ይጻፉና ሌላ ጊዜ ከተመዘገበው ጋር ያስተያዩት። በፍጻሜው መደበኛው ጊዜ 2 ለ 2 አልቆ ጨዋታው ወደ ጭማሪ ሰዓት ሄዷል፤ ለኢትዮጵያ ያገቡት ግርማ ተክሌ፣ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አንድ አንድ ናቸው። ይሁን እንጂ ከቀናት በፊት ቱኒዚያንም ያሸነፍናት በዚያው 4 ለ 2 በሆነ ውጤት ሲሆን፣ መንግሥቱ በሁለቱ ጨዋታዎች ያገባቸው ጎሎች ሲደመሩ በትክክል ሦስት ይሆናሉ። አጎቴ ሁለት ጨዋታ አንድ አደረገ እንጂ ጎል አልፈጠረም። በእኔ ደብተር የእርሱ ቃል በግራ ገጽ፣ መዝገቡ በቀኝ ገጽ ተጽፈዋል፤ ሁለቱን አንድ ላይ አቅልጦ «የተስተካከለ» ትዝታ ማዘጋጀት ግን ሁለቱንም ማበላሸት ነው።

ስለ ቅርቡ ዘመን ወጣቶችን ሲጠይቁ ሌላ ዓይነት ጉዳይ ይገጥማል። የጎንደሩ ክለብ ዳሽን ቢራ ከፕሪሚየር ሊጉ በወረደበት በ2008 ዓ.ም. ሌላው የከተማው ክለብ ፋሲል ከነማ አድጎ ስለገባ፣ «የጎንደር ክለብ» የሚለው አነጋገር በየትኛው ዓመት የትኛውን ቡድን እንደሚያመለክት ማረጋገጥ ይገባል። አፄዎቹ፣ ማለትም ፋሲል ከነማ፣ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያነሱት በ2013 ዓ.ም. ቢሆንም፣ በዚያ ዓመት ውድድሩ በኮሮና ምክንያት በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ብቻ ስለተካሄደ በጎንደሩ ፋሲለደስ ስታዲየም አንድም የሊግ ጨዋታ አልታየም። ስለዚህ ስለዚያ ዓመት የሚጠየቀው የየትኛው ቤት ቴሌቪዥን እንደነበርና መብራት ጠፍቶ እንደሆነ ነው።

ፎቶግራፍ ከተገኘ ከባለቤቱ ቤት አያውጡት። እኔ የአንድ ቡድን ፎቶ አሳድግ ብዬ ለአንድ ፎቶ ቤት ሰጥቼ በጀርባው ሙጫ ተቀብቶ ተመልሶልኛል፤ የተጻፉት ስሞች በሙጫው ሥር ቀርተዋል። ጥላ ባለበት ደጃፍ ላይ፣ ያለ ፍላሽ፣ ፊቱንም ጀርባውንም በስልክ ማንሳት ይበቃል፤ ስሞቹንም ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቆሙት ጀምሮ እየቆጠሩ በድምፅ ያስቀዱ።

በመጨረሻ የጻፉትን ለተናጋሪው መልሰው ያንብቡለት። አጎቴ ሁለቱንም ገጽ ዝም ብሎ አዳመጠና ያረመው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሬዲዮው በመስኮቱ በኩል ሳይሆን ከበሩ ጀርባ፣ በርጩማ ላይ ነበር የተቀመጠው።