ነጥቡ ሌላ ቦታ ወደቀ? የሳተበትን ርቀት ይለኩ

አምቡላንሱ በተላከለት የቦታ መለያ ቁጥር ሄዶ ባዶ ሜዳ ላይ ቆመ። ወዲያው ጥፋቱ በጂፒኤሱ ይላከካል። መሣሪያው ግን አብዛኛውን ጊዜ ደኅና ነው፤ የጎደለው ከቁጥሩ ጋር አብሮ መነገር የነበረበት ነገር ነው። ነጥቡ በስንት ርቀት፣ ወደየትስ እንደሳተ ካወቁ ምክንያቱን አገኙት ማለት ነው።

ምልክት፦ 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምዕራብ ወይም ወደ ምስራቅ
የዩቲኤም (ዓለምን በዞን ከፍሎ ቦታን በሜትር የሚገልጸው የካርታ ሥርዓት) ዞን ተሳስቷል። አንዱ ዞን 6 ዲግሪ ይሰፋል፤ ኢትዮጵያም በ36፣ በ37 እና በ38 ላይ ተዘርግታለች። ድሬዳዋ ዞን 37 ውስጥ ናት፤ ጎረቤቷ ሐረር ግን 42ኛውን ዲግሪ ተሻግራ 38 ገብታለች። የሐረርን ቁጥር በዞን 37 ካስገቡት ነቀምትና ጊምቢ መካከል ያርፋል። ዞኑ ሁልጊዜ ከቁጥሩ ቀድሞ ይነገር።

ምልክት፦ ልክ 100 ኪሎ ሜትር
በኤምጂአርኤስ (የዩቲኤምን ዞን በፊደል ወደተሰየሙ ካሬዎች በሚከፍለው) አጻጻፍ የ100 ኪሎ ሜትሩን ካሬ የሚለዩት ሁለት ፊደላት ተሳስተዋል። አዲስ አበባ ላይ ይህ የተለመደ ወጥመድ ነው፤ ከምድር ወገብ 1,000,000 ሜትር የሚቆጥረው መስመር በስድስት ኪሎ አካባቢ ያልፋልና። መስቀል አደባባይ "37ፒ ዲኬ" ሲሆን እንጦጦ "37ፒ ዲኤል" ነው። ለእንጦጦ "ዲኬ" ብለው ከጻፉ አምቡላንሱን መቂ አጠገብ ይሰዱታል። በተራው ዩቲኤምም ቢሆን ከመስመሩ በስተሰሜን ያለ ቦታ የሰሜን ቁጥሩ ሰባት አኃዝ አለው፤ ስድስት አኃዝ ብቻ የሚቀበል ቅጽ እንጦጦን ኬንያ ያደርሳታል። ቅጹን ያስተካክሉ።

ምልክት፦ ከ200 ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ
እኔ ከሁሉም የምፈራው ይህንን ነው። መቂ የወደቀ ነጥብ ራሱን ያጋልጣል፤ 230 ሜትር የሳተ ግን ትክክል ይመስላል። ሜዳ ላይ ቢሆን ተጣርቶ መገናኘት ይቻላል፤ ገደል ላይ ግን የተጎጂው ወገን ማዶ፣ የእርስዎ ወዲህ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ የካርታው መነሻ ስሌት፣ ማለትም ዳተሙ ነው። የቆዩት ባለ 1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት በሱዳንና በግብፅ ድንበር አካባቢ ባለ የቅየሳ ነጥብ ስም በተሰየመው "አዲንዳን" ነው፤ ስልክዎ ደግሞ ዳብሊውጂኤስ 84ን ይጠቀማል። የካርታውን ኅዳግ ያንብቡ፤ አዲንዳን የሚል ከሆነ መተግበሪያው ላይ ዳተሙን ይቀይሩ። ጊዜ ከሌለ፣ አዲስ አበባ አካባቢ ከካርታው ባነበቡት የምስራቅ ቁጥር ላይ 95፣ በሰሜኑ ላይ 208 ሜትር ገደማ ይደምሩ። ለነፍስ አድን ሥራ ይበቃል፤ ለመሬት ይዞታ ልኬት ግን በጭራሽ።

ምልክት፦ ከሰርዲኒያ በስተደቡብ ባሕር ላይ
ይህ የሜትር ጉዳይ እንኳን አይደለም። በዲግሪ የተላከው የአዲስ አበባ 9 እና 38 ቦታ ተለዋውጧል። ይገልብጧቸው።