አዳራሽ ውስጥ መኪና ፎቶ ማንሣት፦ ችግርና መፍትሄ

በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ አዲስ መኪና ማየት ራሱ ሌላ ጉጉት አለው። ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ አዳራሽ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና ቆሟል ከተባለ ሰው ስልኩን ይዞ ይሄዳል። ቤቱ ገብቶ ፎቶውን ሲያይ ግን ነጩ መኪና ቢጫ፣ ጥቁሩ ግራጫ፣ አፍንጫው ያበጠ ሆኖ ያገኘዋል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የካሜራው አይደለም። የመኪና ቀለም እንደ መስታወት ዙሪያውን ያለውን ሁሉ ያሳያል። ስለዚህ ካሜራውን ከመነካካታችሁ በፊት የቆማችሁበትን ቦታ ቀይሩ።

ኮፈኑ ላይ ነጫጭ መስመሮች ተጋድመዋል

ከሁሉም የሚያስቸግረው ይሄ ነው። ጣራው ላይ የተደረደሩት ረጃጅም አምፖሎች ቀለሙ ላይ እየታዩ ነው። እናንተ ስትንቀሳቀሱ መስመሩም ይንቀሳቀሳል። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሂዱ። ካልጠፋ በርከክ በሉ። ካሜራው ከፊት መብራቱ ጋር እኩል ሲወርድ ኮፈኑ ጠበብ ብሎ ስለሚታይ መስመሩም አብሮ ያንሳል።

ጀማሪ መኪናውን ያያል እንጂ ቀለሙ ላይ የወደቀውን አያይም። ከማንሣታችሁ በፊት ከኮፈኑ እስከ ኋላው በር በዓይናችሁ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ምን ይታያል? መስኮት? ባነር? የራሳችሁ ቀይ ቲሸርት? ጥቁር መኪና ለማንሣት ስትሄዱ ጠቆር ያለ ልብስ ልበሱ፤ ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

መስመሩን ሁሉ ለማጥፋት ግን አትድከሙ። ከፊት መብራት እስከ ኋላ ሳይቆረጥ የሚሄድ አንድ የብርሃን መስመር የመኪናውን ቅርጽ አጉልቶ ያወጣዋል። ፎቶውን የሚያበላሸው የተቆራረጠውና የተዘበራረቀው ነው።

ፖላራይዘር የሚባል የሌንስ ማጣሪያ አለ። ከመስታወትና ከቀለም ላይ ነጸብራቅ ይቀንሳል፤ የሚያብለጨልጭ ብረት ላይ ግን እምብዛም አይረዳም። ከሚገባው ብርሃንም ግማሹንና ከዚያ በላይ ያስቀራል። አዳራሽ ውስጥ ያጣነው ደግሞ ብርሃን ነው። ጀማሪ በቅድሚያ ሊገዛው የሚገባ ዕቃ አይመስለኝም።

ፎቶው ደብዝዟል

መጀመሪያ ሌንሱን ጥረጉት። ኪስ ውስጥ የዋለ ስልክ ሌንሱ ላይ የጣት ቅባት አያጣም፤ መብራቶቹም ዙሪያቸውን ጭጋግ ያለባቸው ይመስላሉ።

ከተጠረገም በኋላ ካልተስተካከለ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የብርሃን ማነስ ነው። አዳራሹ ለዓይን ቦግ ያለ ቢመስልም ለካሜራ ጨለማ ነው። ካሜራው ብርሃን እስኪጠግብ ሸተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) ከፍቶ ይቆያል፤ በዚያ መሃል እጃችሁ ይንቀሳቀሳል። ደግነቱ መኪናው ቆሟል። ምሰሶ ተደገፉ፣ ክርናችሁን ጎናችሁ ላይ አጣብቁ፣ የ2 ሰከንዱን ሰዓት ቆጣሪ ተጠቀሙ። ካሜራ የያዘ ሰው በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ከ1/50 ሰከንድ በላይ የቆየ ሸተር በእጁ አይሞክር። ይልቅ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ወደ 1600 ወይም 3200 ያውጣው። ትንሽ አሸዋ የመሰለ ፎቶ ይታያል፤ የተንቀጠቀጠ ፎቶ ግን አይጠገንም።

ፍላሽ አጥፉ። ብርሃኑ ከኮፈኑ ተመልሶ ነጭ ነጥብ ይሆናል፣ ታርጋውም ቦግ ብሎ ቁጥሩ አይነበብም፣ ከኋላ ያለው አዳራሽ ደግሞ ይጨልማል።

ፎቶው ላይ ጥቁር ጥቁር ሰንበር አለ

የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ ብዙ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ደብዘዝ ይላል። ዓይን አያየውም፤ ፈጣን ሸተር ግን ይይዘዋል። ሸተሩን 1/50 ወይም 1/100 ላይ አድርጉት። አንዳንድ ስልኮችም ካሜራው ማስተካከያ ውስጥ 50 ወይም 60 ኸርዝ የሚል ምርጫ አላቸው፤ 50ውን ምረጡ። የኤሌክትሪክ መኪኖቹ ትልልቅ ስክሪንና የፊት መብራት ግን የየራሳቸው ፍጥነት አላቸው። እነሱ ላይ ሰንበሩ ካልጠፋ ሸተሩን ይበልጥ አዘግዩና ደጋግማችሁ አንሡ።

ነጩ መኪና ቢጫ ወይም ግራጫ ሆኗል

እነዚህ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ቢጫው ከብርሃኑ ቀለም ይመጣል። በመስኮት የሚገባው የቀን ብርሃን ወደ ሰማያዊ፣ አምፖሉ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ሁለቱ ሲገናኙ መኪናው ግማሹ አንድ፣ ግማሹ ሌላ ይሆናል። ከተቻለ አንዱ ብርሃን ብቻ የሚያርፍበትን ጎን ምረጡ። ከዚያ ዋይት ባላንሱን (ነጭ ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገውን የቀለም ማስተካከያ) በነጭ ወረቀት አስተካክሉ። አጠገባችሁ ነጭ ነጠላ የለበሰ ሰው ካለም ያገለግላል። የቆየ ጋቢ ግን ወደ ክሬም ስለሚሄድ ያሳስታል።

ግራጫው ካሜራው ሁሉን ነገር ወደ መካከለኛ ድምቀት ስለሚጎትት ነው። ለነጭ መኪና ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን ድምቀት) ወደ +1 ጨምሩ፤ ለጥቁር ወደ −1 ቀንሱ። ስልክ ላይ መኪናውን ነክታችሁ የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መሳብ ነው።

አፍንጫው ያበጠ፣ ቸርኬው የተንጋደደ ይመስላል

በጣም ተጠግታችኋል። መኪናው ሙሉ እንዲገባ ብላችሁ የስልኩን ዙም 0.5 ላይ አድርጋችሁትም ይሆናል። ራቁና 2 ላይ አንሡት። በስልኩ ጥራቱ ትንሽ ቢወርድም ቅርጹ ይስተካከላል፤ ቅርጹን የሚወስነው በእናንተና በመኪናው መካከል ያለው ርቀት ነውና። ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር ሌንስ ያለው ሰው 35 እና ከዚያ በላይ ይጠቀም። ቦታ ከጠበበ ሙሉ መኪና ለማንሣት አትታገሉ። ስፖኪዮውን፣ ቸርኬውን፣ የመሪውን ስፌት አንሡ። እውነቱን ለመናገር፣ ከአዳራሽ ይዘን የምንወጣቸው ምርጥ ፎቶዎች ብዙ ጊዜ እነዚህ ናቸው።

ሰው በሰው ላይ ነው

በሩ ሲከፈት ወይም ምሳ ሰዓት ላይ ሂዱ። ካልሆነም ሰውየውን የፎቶው አካል አድርጉት። በመስታወት አጮልቀው ውስጡን የሚያዩ አዛውንት ካሉ፣ ባዶ መኪና ከማንሣት እሳቸውን ጨምሮ ማንሣት ይበልጣል። ግን በቅድሚያ «አባባ፣ ፎቶ ላንሣዎት?» ማለት ነው።

ቀለሙ ላይ አቧራና የእጅ አሻራ አለ

ከአዲስ አበባ በዓባይ በረሃ አቋርጦ በደጀን የመጣ መኪና አቧራ ቢኖርበት አይገርምም። በሸሚዛችሁ እጅጌ አትጥረጉት። ደረቅ አቧራ ሲታሽ ቀለም ይጭራል፣ መኪናውም የሰው ነው። ለአስተናጋጁ ንገሩት፤ ለስላሳ ጨርቅ አያጣም።

የግል መኪና ያነሣችሁ እንደሆነ፣ ከመለጠፋችሁ በፊት ታርጋውን ሸፍኑት።