ደጅ ለሚውል እንጨት ስቴይን (የእንጨት ማቅለሚያ) ስትመርጡ እባካችሁ እነዚህን ስህተቶች ተዉ

ሰሞኑን አንድ የበረንዳ ወለል እንዳይ ተጠርቼ ሄድኩ። ጣውላው ምርጥ ነው፣ ከተሰራ ዓመት አልሞላውም፣ ላዩ ግን ቅርፊት ቅርፊት ሆኖ ተነስቷል። በጥፍሬ ጫር ሳደርገው መዳፍ የሚያክል ልጣጭ ብድግ ብሎ መጣ፣ ከስሩ ያለው እንጨት ግራጫ ሆኗል። የተቀባው ለቤት ውስጥ የሚሆን ክሊር (ቀለም አልባ) ቨርኒሽ ነው። የቀባው ልጅ ደሞ በደንብ ለፍቶበታል፣ ሦስት እጅ ቀብቶ በየመሃሉ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶታል። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ልፋት ነው፣ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

"የእንጨቱ መልክ እንዳይጠፋ" ብሎ ክሊር መቀባት

ሰው ሁሉ የሚለኝ ይሄንኑ ነው። ፍላጎቱ ይገባኛል፣ እኔም የእንጨት መስመር ማየት ነፍሴ ነው። ግን ውጭ ያለ እንጨት ጠላቱ ዝናብ ብቻ አይደለም፣ ፀሐይም ናት። እንጨት ውስጥ ክሮቹን እንደ ሙጫ አጣብቆ የሚይዝ ሊግኒን የሚባል ነገር አለ፣ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር እሱን ይሰባብረዋል፣ ዝናብ ሲመጣ ደሞ የተሰባበረውን አጥቦ ይወስደዋል፣ ያ እጃችሁ ላይ የሚቀረው ግራጫ ብናኝ እና ፀጉር ፀጉር የሚለው ክር እንግዲህ የዚህ ውጤት ነው። ክሊር ነገር ቀለም ስለሌለው ጨረሩን አያቆመውም፣ ጨረር መከላከያ የተጨመረበትም ቢሆን ቶሎ ይደክማል። እና ቨርኒሹ ላዩ ላይ እያብረቀረቀ እንጨቱ ከስር ያልቃል፣ የያዘው ነገር ሲያልቅበት ቨርኒሹም ይለቃል። በዛ ላይ እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ደርቆ የጠነከረ ሽፋን አብሮት መሄድ ስለማይችል ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ የገባው ውሃ ደሞ መውጫ ያጣል። የሚረገጥ ወለል ላይ ሲሆንማ ወዲያው ነው።

ከዛ በላዩ ደርቤ ልቀባው እንዳትሉ፣ የለቀቀ ነገር ላይ የተደረበ አብሮ ነው የሚለቀው። ሙሉውን ማንሳት ግድ ነው፣ እሱ ስንት ቀን እንደሚፈጅ የሰራው ያውቀዋል። ጀልባ ሰሪዎች ቨርኒሽ ውጭ ይጠቀማሉ እኮ ትሉኝ ይሆናል፣ አዎ ይጠቀማሉ፣ ግን ለውጭ ተብሎ የተሰራውን ብዙ እጅ ቀብተው ሳይለቅ በፊት በየጊዜው አሽተው ይደግሙታል። ያንን የምታደርጉ ከሆነ እሺ።

እንጨቱን የሚያድነው ስቴይኑ ውስጥ ያለው ቀለም ነው፣ ለእንጨቱ ጥላ የሚሆነው እሱ ነው። ሴሚ ትራንስፓረንት የሚባለው መስመሩን ያሳያል፣ ወደ ውስጥ ይጠጣል፣ አይላጥም፣ እየደበዘዘ ነው የሚያልቀው። ወለል ላይ 2 ወይም 3 ዓመት ይሄዳል፣ እንደ አጥር እና ግድግዳ የቆመ ነገር ላይ ከዛ ይበልጣል። ክሊር ዘይት ግን ዓመት ከሄደላችሁ ጥሩ ነው። ሶሊድ የሚባለው መስመሩን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፣ ያው ቀጠን ያለ ቀለም ማለት ነው።

አዲስ እንጨት ላይ መቸኮል፣ ወይም አለቅጥ መቆየት

በመድኃኒት የታከመ ጣውላ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ውስጡ ውሃ ይዞ ነው። ስታነሱት ይከብዳል፣ ስትነኩት ይቀዘቅዛል። ይሄ ላይ ስቴይን ብትቀቡ የሚጠጣበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ጥቂት የውሃ ጠብታ ጣሉበትና ቁጭ ብላችሁ እዩ። ጠብታው ጠፍጠፍ ብሎ ከዙሪያው ጠቆር እያለ በደቂቃዎች ውስጥ ከሰመጠ ዝግጁ ነው። እንደ ዶቃ ክብ ሆኖ ከቆመ ገና ነው። የእርጥበት መለኪያ ያላችሁ ወደ 15 ፐርሰንት ወይም ከዛ በታች እስኪወርድ ጠብቁ።

ግን ተጠንቀቁ፣ ደረቅ ሆኖም ጠብታውን እምቢ የሚል እንጨት አለ። የመላጊያ ማሽን ምላጭ ላዩን አሽቶ መስታወት ስላደረገው ነው። እሱን በ60 ወይም በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ብትገፉት ይከፈታል። እንደ ቤት ዕቃ ለማሳመር ብላችሁ ወደ ለስላሳዎቹ 180 እና 220 አትሂዱ፣ መልሳችሁ ነው የምትዘጉት።

"ዓመት ይቆይና ይብሰል" የሚለውን ምክር ደሞ እኔም ለዓመታት ለሰው ስናገር ነበር፣ ተሳስቻለሁ። ዊስኮንሲን፣ ማዲሰን ያለው የአሜሪካ መንግሥት የደን ውጤቶች ላቦራቶሪ ባዶውን ጥቂት ሳምንት ብቻ ፀሐይ የመታው እንጨት ቀለም የመያዝ አቅሙ በጣም እንደሚቀንስ በሙከራ አሳይቷል። እንደደረቀ መቀባት ነው። የቆየባችሁ ካለ መጀመሪያ ላዩን አሹት።

ግራጫ የሆነውን አሮጌ እንጨት እንዳለ መቀባት

የሞተ ክር ላይ እየቀባችሁ ነው፣ ክሩ ሲወድቅ ስቴይኑም አብሮ ይወድቃል። ሶዲየም ፐርካርቦኔት በሚባለው ማጠቢያ ዱቄት እጠቡት፣ ከዛ ኦክሳሊክ አሲድ በውሃ በጥብጣችሁ አድርጉበትና በደንብ አለቅልቁት (ጓንት እና መነጽር!)፣ ግራጫው ሄዶ የድሮ መልኩ ሲመለስ ታያላችሁ። በረኪና አይሁን፣ ክሩን ይበላዋል። በግፊት ውሃ ማጠቢያም ጠጋ ብላችሁ አትቆፍሩት። አሮጌ እንጨት በጣም ስለሚጠማ ያው ስቴይን ከአዲሱ ጠቆር ብሎ ነው የሚወጣው፣ ይሄን አስቡበት።

ለሁሉም እንጨት አንድ ጣሳ

ፓይን ለስላሳ ነው፣ ይጠጣል፣ ግን እኩል አይጠጣም፣ አንዱ ቦታ ጠቁሮ ሌላው ይነጣል። እንደ ኢፔ እና ቲክ ያሉት ደሞ ጥቅጥቅ ያሉና የራሳቸው ቅባት ያላቸው ናቸው፣ ለጠንካራ እንጨት የተሰራ ቀጭን ዘይት በስሱ ቀብታችሁ ትንሽ ጠብቃችሁ ያልጠጣውን በጨርቅ ጥርግ አድርጉ። "ሁለተኛ እጅ ልጨምርበት" ያለ ሰው ለሳምንት የሚያጣብቅ ወለል ላይ ነው የሚራመደው።

ሴዳር እና ኦክ ውስጣቸው ታኒን የሚባል የተፈጥሮ ኬሚካል አላቸው። ውሃ ላይ የተመሰረተ ነጣ ያለ ስቴይን ስትቀቡባቸው ታኒኑ ቡናማ እንባ ሆኖ ይወጣል፣ ስለዚህ ወይ ጠቆር ያለ የዘይት ስቴይን ምረጡ ወይ ታኒን የሚያግድ ፕራይመር (ከስር የሚቀባ) አስቀድሙ። ብረት ደሞ አታስነኩት። ሥራ ስጀምር አንድ የኦክ አግዳሚ በብረት ሽቦ መፈግፈጊያ አሽቼ ማታ ዝናብ መታው፣ ጠዋት ስደርስ ቁንጫ የወረረው ይመስል ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ። የብረቱ ብናኝ ከታኒኑ ጋር ተገናኝቶ ነው። ኦክሳሊክ አሲድ አነሳልኝ፣ ግን ሁለት ቀን ሙሉ በላብኝ። ምስማርና ብሎኑም ስቴንለስ ይሁን።

ከስር ምን እንዳለ አለማየት

ከሴሚ ወደ ሶሊድ መሄድ ይቻላል። ከሶሊድ ወደ ሴሚ ግን አሮጌውን ሳታነሱ አይቻልም፣ ምክንያቱም ስቴይኑ የሚገባበት እንጨት አያገኝም።

ቀለሙን ከካርድ ላይ መምረጥ

ከዛው እንጨት ቁራጭ ላይ ቀብታችሁ ደርቆ ሳታዩት አትወስኑ። አሮጌና አዲስ ጣውላ የተቀላቀለበት አጥር ከሆነ ከሁለቱም ቁራጭ ይኑራችሁ፣ አሮጌውን አጥባችሁም ካልተቀራረቡ ሶሊድ ብቻ ነው የሚያስታርቃቸው። ጣሳውን ከስሩ አማስሉ፣ ቀለሙ ታች ነው የሚተኛው።

ዘይት የነካውን ጨርቅ መጠቅለል

በተለይ የተልባ ዘይት ያለበት ስቴይን ከመረጣችሁ ይሄን አደራ። ዘይቱ ሲደርቅ ከአየር ጋር እየተዋሃደ ይሞቃል፣ ጨርቁ ከተጠቀለለ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ክብሪት ሳይነካው ይነዳል። አብሮኝ የሚሰራ ልጅ ጨርቆቹን ባልዲ ውስጥ ጠቅጥቆ ምሳ ሄደ፣ ስንመለስ ባልዲው ይጨሳል፣ ፕላስቲኩ ከጎኑ ቀልጦ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ጣውላው የተደረደረው ደሞ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ነበር። ጨርቁን አንድ በአንድ ውጭ ዘርግታችሁ ድርቅ እስኪል ተዉት፣ ወይ ውሃ የሞላ የብረት ዕቃ ውስጥ ንከሩትና ክደኑት።