«ኢንዲኬተሬ ይዋሻል» ለምትሉ

ሰሞኑን አንድ ልጅ ከሳቢያን ሰፈር በባጃጅ መጣ። በአንድ እጁ ቴስት ኢንዲኬተር (ጥቃቅን ልዩነት በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ)፣ በሌላው ማግኔት ቤዝ (መለኪያውን የሚይዝ፣ በማግኔት የሚጣበቅ መቆሚያ) ይዟል። «ጋሼ፣ ይቺ ነገር አትሠራም። ውድ የሆነውን ልግዛ እንዴ?» አለኝ። ዕቃውን ሳላይ «አትግዛ» አልኩት።

ድሬ ውስጥ ግቢያቸው ትንሽ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚልግ ማሽን) ተክለው ለደስታቸው ብረት የሚልጉ ሰዎች አሉ። መጀመሪያ የሚገዙት ካሊፐር ነው። ቀጥሎ ቴስት ኢንዲኬተር። ከዚያ ወደ እኔ ይመጣሉ። ይዘውልኝ ከመጡት ውስጥ መሣሪያው ራሱ የተበላሸው ጥቂቱ ነው።

ስለዚህ ገዝታችሁ የተናደዳችሁም፣ ልትገዙ ያሰባችሁም አብራችሁ አንብቡ። ችግሩን ያወቀ ሰው ምን እንደሚገዛ አይጠፋውም። ቻክ (ቶርኖው ላይ የሚላገውን ብረት የሚይዘውን) መጥረግና ብሎን ማጥበቅ ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምጀምረው። ኢንዲኬተር ሥራውን፣ ማለትም የሚላገውን ብረት፣ እየነካ ሞተር እንደማይነሳም ታውቃላችሁ። በእጅ ነው የሚዞረው። ይህን ደግሜ አልናገርም።

አንድ ስም ብቻ እንስማማ። ጫፏ ላይ ትንሽ ኳስ ያላትን፣ ሥራውን የምትነካዋን ቀጭን ዘንግ «ጣት» እላታለሁ።

ምልክት፦ ሥራውን አንድ ዙር አዙራችሁ ስትመለሱ መርፌው ዜሮው ላይ የለም

ዋናው በሽታ ይሄ ነው። ሌላው ሁሉ ተደምሮ የዚህን ያህል አይመጣም።

ጥፋቱ የኢንዲኬተሩ ሳይሆን የያዘው ነገር ነው። አስቡት፤ የምትለኩት 0.01 ሚሊ ነው። አንድ ወረቀት 0.1 ሚሊ አካባቢ ነው፤ የሱ አንድ አሥረኛ ማለት ነው። የማግኔት ቤዙን ክንድ በትንሿ ጣታችሁ ብትገፉት ከዚህ በላይ ይታጠፋል። ብረት ስለሆነ አይታጠፍም የሚል ሰው ገፍቶ ይየው።

እንዲያውም ምርመራው ራሱ ይህ ነው። ኢንዲኬተሩን ሥራው ላይ አስነክታችሁ ዜሮ አድርጉ። ክንዱን በቀስታ ገፋ አድርጋችሁ ልቀቁ። መርፌው መሄዱ ምንም አይደለም። ስትለቁት ወደ ነበረበት ካልተመለሰ ግን አንድ ቦታ የላላ ነገር አለ። ከዚያ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በእጃችሁ ፈትሹ። ከታች ጀምሩ። ሰው ሁሉ ከላይ ይጀምርና ይደክመዋል።

ከታች ጀምሩ ያልኩት በምክንያት ነው። ከዚራ ሰፈር የሚኖሩ አንድ የባቡር ጡረተኛ አሉ። ዕድሜያቸውን በባቡሩ ወርክሾፕ ቶርኖ ላይ የጨረሱ ናቸው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በፈረንጆች 1902 እዚህ ሲደርስ ነው ድሬ ከተማ የሆነችው፤ እሳቸውም ከባቡሩ ተለይተው መኖር አልቻሉም። አሁን ግቢያቸው ጥላ ሥር የድሮውን ባቡር አሳንሰው ይሠራሉ። አንዲቷን ጎማ አራት መንጋጋ ቻክ ላይ ለማማከል ሦስት ምሽት ፈጀባቸው። መርፌው 0.06 እየዘለለ አስቸገራቸው። ኢንዲኬተር ቀየሩ። ሁለተኛውም ያው።

ጠሩኝ። ይህን ሙያ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ምን ብዬ ልናገራቸው? ዝም ብዬ ማግኔቱን አጠፋሁና ቤዙን ገለበጥኩት። ከሥሩ የቁስል ፕላስተር ተለጥፎበታል። አዲሱን ቶርኖ እንዳይጭረው ተብሎ ነው። «የልጅ ልጄ ናት!» አሉ። እኔም «ልጆች እኮ» ብዬ አለፍኩት። ፕላስተሩን ልጠን፣ ሙጫውን በቤንዚን ጠርገን መልሰን አስቀመጥነው። ያ 0.06 የት እንደገባ አልታወቀም።

ማግኔት የሚይዘው ንጹሕ ብረት ለብረት ሲገናኝ ነው። ፕላስተር፣ ወፍራም ቀለም፣ አንዲት የብረት ፍቅፋቂ መሀል ከገባች ቤዙ ያለ እግር እንደቆመ ጠረጴዛ ነው። ስትነቀንቁት የያዘ ይመስላል። ይዞ ግን ይወዛወዛል።

ሌላው ደግሞ ቤዙን የቶርኖው የፍቅፋቂ መቀበያ ላሜራ ላይ ተክሎ አገኘሁት። ላሜራው ቀጭን ነው። ክርኑን ጠረጴዛው ላይ ባሳረፈ ቁጥር መርፌው ይሄዳል። «አቦ ጋሼ፣ ሰው ሲቀርበው ይፈራል እንዴ?» ይለኛል። ቤዙን ወፍራሙ የቶርኖ ቤድ (ዋናው አካሉ) ላይ ወይም ቱል ፖስቱ (መቁረጫውን የሚይዘው) የሚታሰርበት ብረት ላይ ትከሉ። ክንዱን አሳጥሩ። ክንዱ በረዘመ ቁጥር መታጠፉ በጣም ይብሳል። ግማሽ ክንድ ትርፍ ሆኖ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳይ ደሜ ይፈላል።

እንደ እባብ የሚተጣጠፈውን ክንድ ምን ልበላችሁ። መብራት ያዙበት። ኢንዲኬተር አትያዙበት። ርካሽ ነው፤ ቆንጆም ነው፤ ከሱ ጋር ተጣልቼ ያሸነፍኩበት ቀን የለም።

ለአዲስ ገዢ የምለውም ከዚህ ይነሳል። ብራችሁ የተወሰነ ከሆነ ከኢንዲኬተሩ ቀንሱና ጥሩ ቤዝ ግዙ። ዘንጉ ወፍራም፣ መገጣጠሚያው ጥቂት፣ ማጥበቂያው የማይንሸራተት። መካከለኛ ኢንዲኬተር ጥሩ ቤዝ ላይ ሥራውን ይሠራል። ውዱ ኢንዲኬተር መጥፎ ቤዝ ላይ ግን ዋሾ ነው።

ምልክት፦ ቁጥሩ ከካሊፐሩ ጋር አይገጥምም

ጣቷ ቆማለች ማለት ነው። የምትነካው ገጽ ላይ ልትተኛ ጥቂት እስኪቀራት መሆን አለባት። በቆመች ቁጥር መርፌው ከእውነቱ አብልጦ ያሳያል። ከገጹ 15 ዲግሪ ከተነሳች ያነበባችሁትን በ0.97 አባዙት። እዚህ ድረስ አትጨነቁ። 30 ዲግሪ ላይ በ0.87፣ 45 ላይ በ0.71፣ 60 ላይ በ0.5 ነው። 60 ላይ ያለች ጣት 0.10 ብላ ካሳየቻችሁ እውነቱ 0.05 ነው። አንዳንዱ ከፋብሪካው ዘንበል እንዲል ታስቦ የተሠራ ነው፤ የስዊዘርላንዱ ኢንተራፒድ ለ12 ዲግሪ የታሰበ ነው። የእናንተን መመሪያ እዩ።

አራት መንጋጋ ላይ ሥራ የምታማክሉ ከሆነ ይህ ማዕዘን ብዙ አይጎዳችሁም። የምትፈልጉት መርፌው ዝም እንዲል ነው። እዚያ ላይ ጀማሪን የሚያጠፋው ሌላ ነው። ከፍተኛውና ዝቅተኛው መሀል 0.20 ካለ ሥራው ከመሀል የወጣው 0.10 ብቻ ነው። ሙሉውን 0.20 የሚገፋ ሰው ወዲያና ወዲህ ሲል ያመሻል።

ጣቷ ተሰብራ ሌላ ቀይራችሁ ከሆነም ቁጥሩ ይዛባል። ርዝመቷ የድሮዋ መሆን አለበት። እጥፍ ከረዘመች መርፌው ግማሹን ብቻ ያሳያል።

አንድ ሰው ደግሞ በኢንች የተከፈለ ገዝቶ በሚሊ ሲያነብ ከረመ። አንድ ሺህኛ ኢንች 0.0254 ሚሊ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ገጹ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ያገለገለ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ሁለቴ አንብቡ።

ምልክት፦ መርፌው ይጣበቃል፣ እየዘገየ ይመለሳል

ዘይት ጨምራችሁበታል። አይ ካላችሁ ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው ጨምሮበታል።

ውስጡ ሰዓት ነው። ጥርሶቹ የሰዓት ጥርስ ያህል ናቸው፣ ሞላዋ ፀጉር ታክላለች። የድሬ አቧራ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከደቻቱ ወንዝ በኩል ነፋስ ሲነሳ ጥርስ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ዘይትና አቧራ ሲገናኙ ጭቃ ይሆናሉ። የዛገ ብሎን መፍቻውን ስፕሬይ የነፋበት አለ። የስፌት መኪና ዘይት ያንጠባጠበበት አለ። አትቀቡ። ምንም አትቀቡ። «ትንሽ ብቻ» የሚባል ነገር የለም። በኮምፕሬሰርም አትንፉ፤ ውጭ ያለውን አቧራ ወደ ውስጥ ነው የምትነዱት።

ውጪውን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ጣቷ የምትንቀሳቀስበትን ቦታ በአልኮል በተነከረ ጨርቅ ጫፍ አጽዱ። ካልተሻላት እጁ የታመነ ሰዓት ሠሪ ጋ ውሰዷት። በካቻቢቴ የከፈታችሁት እንደሆነ ግን ወደ እኔ አታምጡት። ሥራ ስትጨርሱ ሳጥኗ ውስጥ መልሷት። ፌስታል አይደለም፣ ሳጥኗ።

ምልክት፦ ጠዋት ልክ የነበረው ከሰዓት ልክ አይደለም

ሙቀት ነው። 100 ሚሊ ርዝመት ያለው ብረት በ10 ዲግሪ ልዩነት 0.011 ሚሊ አካባቢ ይረዝማል። የልኬት መነሻ በዓለም ዙሪያ 20 ዲግሪ ነው። ድሬ ላይ ቀን በ20 ዲግሪ የሚሠራ ሰው ኤሲ ያለው ነው። ቶርኖውን ከፀሐይ አርቁ፤ የተላገው ሥራ ሳይቀዘቅዝ አትለኩ፤ የመጨረሻዋን ልኬት ጠዋት ያዟት።

በረንዳ ላይ ለሚሠራ ሰው 0.001 ሚሊ የሚያነብ አትግዙ የምለውም ለዚህ ነው። መርፌው ሲተነፍሱበት ይሄዳል። የ0.01 ሚሊዋ ግዙ። ብዙውን ጊዜ መለኪያ ክልሏ 0.8 ሚሊ አካባቢ ነው። የ0.002 ሚሊዋ ብዙውን ጊዜ ክልሏ 0.2 ሚሊ ብቻ ስለሆነ ጀማሪ ገና ሲያስጠጋት መጨረሻዋ ላይ ይደርሳል።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

የጣቷ ኳስ አንድ ጎን ተልጦ ጠፍጥፏል፦ ጣቷን ቀይሩ። ቀጥ ያለ ዘንግ ያለው ዳያል ኢንዲኬተር ተጣብቋል፦ አንገቱን አጥብቃችሁ አስራችሁታል፣ ላላ አድርጉት። ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ አልገባም ካለም ያው ቀጥ ያለውን ገዝታችኋል፤ ለቀዳዳ ጣት ያላት ናት። ጣቷ የቁልፍ መቀመጫ (ሥራው ላይ የተቆረጠ ቦይ) ውስጥ ወድቃ ተሰበረች፦ ሞተር አስነስታችሁ ነበር። አዎ፣ ደገምኩት።

ታይዋን ገበያ ቆማችሁ

ገጹ ላይ የተጻፈውን ትልቅ ስም አትመኑ። ስም ማተም ቀላል ነው። ከመካኒክ የቫልቭ ክፍተት መለኪያ ቅጠሎቹን ተውሳችሁ ሂዱ። ለመትከያ ጠፍጣፋ ወፍራም ብረት ስጡኝ በሉ። ጣቷን አስነክታችሁ ዜሮ አድርጉ፣ ጣቷን ከፍ አድርጋችሁ የ0.10 ሚሊውን ቅጠል ከሥሯ አስገቡ። ከአሥር መስመር ጋር ካልተቀራረበች መልሷት። ቅጠሉን አምስቴ አውጡና አስገቡ፤ በየጊዜው አንድ ቦታ መቆም አለባት። ሻጩ ፊቱን ካጠቆረ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

የሳቢያኑ ልጅ? የመያዣው ቀዳዳ 8 ሚሊ፣ የኢንዲኬተሩ እግር 6 ሚሊ ነበር። ክፍተቱን የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ ሞልቶታል። አንድ ቁራጭ ነሐስ ሰጠሁት። ውጪው 8፣ ውስጡ 6፣ በአንድ ጎን የተሰነጠቀች ቡሽ (የብረት ቀለበት) እንድትሆን ቶርኖው ላይ አቆምኩት። የመጀመሪያዋን አበላሸ፤ ሁለተኛዋ ገጠመች።