ስልክዎ ቫይረስ ገብቶበታል ብለው ከጠረጠሩ መጀመሪያ ሲሙን ያውጡ

አንድሮይድ ስልክ ስለሞቀ ብቻ ቫይረስ አለበት አይባልም። ሚያዝያ ላይ ባጃጅ ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ስልክ መጋሉ አይቀርም። በጀልባ ወደ ዘጌ ሲሻገሩም ኔትወርኩ ከደከመ ስልኩ ሲግናል ሲፈልግ ባትሪውን ይጨርሳል። ለመለየት ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገው ጥላ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይተዉት። ማንም ሳይነካው፣ ቻርጅ ላይም ሳይሆን አሁንም ከሞቀ ውስጥ ውስጡን የሚሠራ አፕ ሊኖር ይችላል።

ከሙቀቱ ይልቅ የሚታመኑ ምልክቶች አሉ። ምንም አፕ ሳይከፍቱ ማስታወቂያ ስክሪኑን ይሞላዋል። «ዳታ ዩሴጅ» ውስጥ የማያውቁት አፕ ብዙ ሜጋባይት በልቶ ያገኙታል። ከሁሉም የከፋው፣ ሴቲንግ ገብተው «አክሰሲቢሊቲ» የሚለውን ሲነኩ ገጹ በራሱ ተመልሶ ከተዘጋ ነው። አክሰሲቢሊቲ ማየት ለተሳናቸውና ለሌሎች አካል ጉዳተኞች ታስቦ የተሠራ ፈቃድ ነው፤ ያገኘው አፕ ስክሪኑን ያነባል፣ በእርስዎ ምትክም ይጫናል። የባንክ ሌቦች የሚፈልጉት ይህንኑ ነው፤ ገጹን የሚዘጋውም እንዳያጠፉት የሚከላከለው አፑ ራሱ ነው።

ማስታወቂያው ከየት እንደመጣ ለማወቅ፣ ብቅ እንዳለ አይዝጉት። የቅርብ ጊዜ አፖችን የሚያሳየውን ቁልፍ ይጫኑ፤ ከማስታወቂያው በላይ ያለውን አይከን ተጭነው ሲይዙ የአፑ ስም ይመጣል።

ወደ ማጽዳቱ ከመሄድዎ በፊት ግን ገንዘብዎን ያድኑ። ብዙ ሰው እዚያው በተበከለው ስልክ ላይ ፒን ይቀይራል፤ አዲሱን ፒን ለሌባው እንደማቀበል ነው። ዳታና ዋይፋይ ይዝጉ፣ ሲሙን አውጥተው ተራ ባለቁልፍ ስልክ ውስጥ ይክተቱ። ከዚያ በኋላ በኤስኤምኤስ የሚመጣ የማረጋገጫ ኮድ ሁሉ ወደ ባለቁልፉ ይገባል። ከእሱ ለቴሌብር 127፣ ለንግድ ባንክ 951 ደውለው አካውንቱ ለጊዜው እንዲታገድ ያድርጉ። በሌላ ንጹሕ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ቀድሞ የተከፈተ ቴሌግራም ካለዎት «ዲቫይስስ» ውስጥ ገብተው ሌሎቹን ሁሉ ያስወጡ።

አሁን ስልኩን በሴፍ ሞድ ያስነሱት። በብዙ ስልኮች የማጥፊያውን ቁልፍ ተጭነው ይያዙ፤ «ፓወር ኦፍ» ሲመጣ እሱንም በጣትዎ ተጭነው ይቆዩ፣ ሴፍ ሞድ ይግባ ወይ ብሎ ይጠይቃል። እሺ ካሉት ተነሥቶ ከስክሪኑ ግርጌ ጥግ ላይ ሴፍ ሞድ የሚል ጽሑፍ ያሳያል። እዚህ እርስዎ የጫኗቸው አፖች አይሠሩም፤ ቅድም በራሱ ሲዘጋ የነበረው ገጽም ይከፈትልዎታል። አክሰሲቢሊቲ ውስጥ የማያውቁትን ያጥፉ። ቀጥሎ ሴቲንግ ላይ «ዲቫይስ አድሚን» ብለው ፈልገው ምልክቱን ያንሡ፤ ይህ ሳይነሣ «አንኢንስቶል» የሚለው ደብዝዞ አልነካ ይላል። ከዚያ አፑን ይንቀሉት። ስሙ ስለማያስጠረጥር አይለፉት፤ «ሲስተም አፕዴት» ብሎ ራሱን የሚጠራ፣ አይከን የሌለው አፕ ያጋጥማል። ሲጨርሱ ሪስታርት አድርገው በዋይፋይ ፕሌይ ስቶር ውስጥ ባለው ፕሌይ ፕሮቴክት ያስፈትሹት።

ብዙ ሰዎች ሚሞሪ ካርዱንም ፎርማት ያደርጋሉ፤ ለምን እንደሆነ ግን አይገባንም። ካርድ ላይ የተቀመጠ ኤፒኬ (የአንድሮይድ አፕ መጫኛ ፋይል) ካልተጫነ በራሱ አይነሣም። የኤፒኬ ፋይሎቹን ብቻ ያጥፉ፤ የሠርግ ፎቶዎ ምንም አላጠፋም።

ይህ ሁሉ ካልረዳ ፋክተሪ ሪሴት፣ ማለትም ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ማስጀመር ይቀራል። እዚህ ላይ የሚበላሸው ሌላ ነገር ነው። ስልክ ሲገዛ ጂሜይሉን የሚከፍተው ብዙ ጊዜ ሻጩ ነው፤ ባለቤቱ ኢሜይሉንም ፓስዎርዱንም አያውቅም። ስልኩ በሪከቨሪ (ጠፍቶ ሳለ በቁልፎቹ በሚከፈተው ሜኑ) በኩል ሪሴት ከተደረገ ደግሞ የድሮውን ጂሜይል ወይም የስክሪን መክፈቻውን ይጠይቃል፤ ከሌለዎት ተቆልፎ ይቀራል። ስለዚህ ሴቲንግ ውስጥ «ጉግል» የሚለውን ከፍተው የማን ኢሜይል እንደሆነ አስቀድመው ይዩ፤ የእርስዎ ካልሆነ ያውጡት፤ የራስዎን ከሪሴቱ በኋላ ያስገቡ። ፎቶና ስልክ ቁጥር ይገልብጡ፤ አፕ ግን ከባካፕ አይመልሱ፣ ያው ቫይረስ አብሮ ይመለሳል። በ2019 እ.ኤ.አ. ብዙ የተወራለት ኤክስሄልፐር የተባለው ቫይረስ ዓይነቱን ሪሴትም አይበግረውም፤ ሲስተሙ ውስጥ ስለሚገባ የስልኩን ትክክለኛ ሶፍትዌር እንደ አዲስ ማስጫን ያስፈልጋል።

ለወደፊቱ በሩን መዝጋት ነው። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ በተዘጋባቸው ወራት አፕ በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ስትቀባበሉ የሰጣችሁት ከፕሌይ ስቶር ውጭ አፕ የመጫን ፈቃድ እስካሁን ክፍት ሊሆን ይችላል። ሴቲንግ ውስጥ «ኢንስቶል አንኖውን አፕስ» ብለው ይፈልጉ፤ ቴሌግራም፣ ክሮም፣ ዜንደርና የፋይል ማኔጀሩ ላይ አንድ በአንድ ያጥፉት። በቴሌግራም «የሠርግ ቪዲዮ» ተብሎ የተላከልዎትን ፋይል ስም እስከ መጨረሻው ያንብቡ፤ ነጥብ ኤፒኬ ብሎ ካበቃ ቪዲዮ አይደለም፣ የላከው ወንድምዎ ቢሆንም። የእሱ አካውንት ተይዞ ሊሆን ስለሚችል ደውለው ይንገሩት። አንድሮይድ 13ና ከዚያ ወዲህ ያሉ ስልኮች ከፕሌይ ስቶር ውጭ የመጣ አፕ አክሰሲቢሊቲ ሲጠይቅ «ሪስትሪክትድ ሴቲንግ» ብለው ይከለክላሉ። አፑ ወይም የላከልዎት ሰው ይህን ክልከላ እንዴት እንደሚያነሡ ደረጃ በደረጃ ማሳየት ከጀመረ፣ እዚያው ላይ አፑን ይንቀሉት።