የአራቱን በሦስት፦ ኔትወርክ ኮዲንግን በወረቀት እንዴት እንደምንሞክር

ራውተር (በኔትወርክ መሀል ሆኖ መረጃ የሚያስተላልፍ መሣሪያ) ሥራው ፓኬት፣ ማለትም የመረጃ ቁራጭ፣ ተቀብሎ ሳይነካ ማሳለፍ ነው ብለን ለምደናል። ይህ ሩቲንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 አልስዌዴ፣ ካይ፣ ሊ እና የንግ የተባሉ ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ አሳዩ፤ መሀል ያለው መሣሪያ መልእክቶችን ቀላቅሎ ቢልክ፣ ሩቲንግ ብቻውን ከሚያደርሰው በላይ ለብዙ ተቀባዮች ማድረስ የሚቻልበት ጊዜ አለ። ይህ ኔትወርክ ኮዲንግ ይባላል። ነገሩ በእጅ ሲሞከር በጣም ያምራል። ሦስት ሰው፣ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል።

ሁለቱ ግራና ቀኝ ራቅ ብለው ይቀመጡ። አንዱ የሌላውን ድምፅ አይሰማም። መሀለኛው ሲናገር ግን ሁለቱም ይሰማሉ፣ ልክ እንደ ዋይፋይ። በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ይናገራል።

መጀመሪያ በሩቲንግ ሞክሩት። የግራው 1011 ይላል፣ መሀለኛው ለቀኙ ይደግመዋል። የቀኙ 0110 ይላል፣ መሀለኛው ለግራው ይደግመዋል። አራት ጊዜ ተነገረ።

አሁን ኮዲንግ። ሁለቱም በየተራ መልእክታቸውን ይንገሩት። መሀለኛው ግን ቶሎ አይድገም። ሁለቱን ቁጥሮች ከላይና ከታች ይጻፍ። አሃዞቹ አንድ ዓይነት ከሆኑ 0፣ ከተለያዩ 1 ያስቀምጥ። 1101 ይወጣል። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ጮክ ብሎ ይናገር። ሦስት ንግግር፣ አለቀ።

መፍታቱ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ ውበቱ እዚህ ነው። የግራው ከሰማው 1101 ሥር የራሱን 1011 ይጻፍና በዚያው ደንብ ያወዳድር። 0110 ይመጣለታል፤ የቀኙ መልእክት! የቀኙም እንዲሁ ሲያደርግ 1011 ያገኛል። አንዱ ድምፅ ለሁለቱም የተለያየ ነገር ነገራቸው።

ይህ የሚሠራው ላኪው የላከውን ካልጣለ ነው። የግራው ወረቀቱን ቀዶ ከጣለ 1101 ለእሱ ባዶ ቁጥር ነው። መልእክቶቹ ርዝመታቸው ካልተካከለ አጭሩን በ0 ሙሉት።

መሀለኛው እጅ የደረሰው አንድ መልእክት ብቻ ቢሆንስ? ሌላውን ቁጭ ብሎ አይጠብቅ፤ እንዳለ ያሳልፈው። እ.ኤ.አ. በ2006 የኤምአይቲና የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ኮፕ የተባለውን ሥርዓት 20 መሣሪያ ባለው ሽቦ አልባ ኔትወርክ ላይ ሲሞክሩ የተከተሉት ይህንኑ ነው፤ የሚቀላቀል ሲገኝ መቀላቀል፣ ካልተገኘ ወዲያው መላክ።